የማረሻ ምሳሌነት በብሉይና በሐዲስ ኪዳን

በቅዱሳት መጻሕፍት ማረሻ ምሳሌ ከመሆኑ አስቀድሞ ውድ ብረት ነበረ፤ ትርጓሜውም ከዚሁ ይመነጫል። 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13 እንደሚተርከው፥ ፍልስጥኤማውያን ዕብራውያን ሰይፍና ጦር እንዳይሠሩ በማሰብ በእስራኤል ምድር ቀጥቃጭ እንዳይገኝ ስላደረጉ፥ ገበሬው ማረሻውን ለማሳል ወደ ጠላቱ ይወርድ ነበር። በዕብራይስጡ «ፒም» የተባለው ቃል ለተርጓሚዎች አስቸጋሪ ሆኖ ኖሮ፥ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ይኸው ስም የተቀረጸባቸው፥ 8 ግራም ገደማ የሚከብዱ የድንጋይ መመዘኛዎች ሲገኙ፥ የሰቅል ሁለት ሦስተኛ ያህል የሚሆን የማሳያ ዋጋ መሆኑ ታወቀ።

እንግዲህ ሰይፍና ማረሻ የአንድ ብረት፥ የአንድ ቀጥቃጭ ሥራዎች ናቸው። ስለዚህም ኢሳይያስ በምዕራፍ 2፥ ሚክያስም በምዕራፍ 4 ሰይፉ ማረሻ እንደሚሆን ሲተነብዩ፥ ኢዩኤል በምዕራፍ 3 አሕዛብን ለጦርነት እየጠራ ነገሩን ይገለብጠዋል። ያው ሚክያስ በምዕራፍ 3 ጽዮን እንደ እርሻ እንደምትታረስ ስለሚናገር፥ ማረሻን የሰላም ምልክት ብቻ ማድረግ አይበቃም፤ የጥፋት ፍርድም ምልክት ነው።

ከነቢያቱ ጥሪ ጋር ሲያያዝ ደግሞ ማረሻ የቍርጥ ሐሳብ ምሳሌ ይሆናል። ኤልሳዕ 12 ጥማድ በሬ ይዞ ሲያርስ ተጠርቶ፥ አንዱን ጥማድ አርዶ በእርሻው ዕቃ እንጨት ቀቀለው፤ መመለሻውንም አጠፋ። በሉቃስ ምዕራፍ 9 ጌታ እርፍ ይዞ ወደ ኋላ ስለሚመለከት ሰው የተናገረው ከዚሁ ጋር ይዛመዳል፤ በአንድ እጁ እርፉን፥ በሌላው የበሬ መንጃውን የያዘ አራሽ ዞር ያለ እንደ ሆነ ትልሙ ይጣመምበታልና።