ኮሮኮንች የከበረበት አገር

እኛ አገር «መንገዳችን ኮሮኮንች ነው» ማለት አቤቱታ ነው። ለቀበሌ፣ ለወረዳ፣ ለጋዜጣ የሚቀርብ አቤቱታ። ጣሊያን ውስጥ ሲዬና በምትባል ከተማ ዙሪያ ግን ሰው አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚመጣለት፣ ገንዘብ ከፍሎ የሚንገጫገጭበት ኮሮኮንች አየሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። እዚያ ብዙ ዘመን የኖረ ወዳጄ ጋ በእንግድነት ሄጄ ሳለ፣ «ነገ ብስክሌት እንነዳለን» አለኝ። እኔ ብስክሌት የነዳሁት በልጅነቴ፣ በሩብ ሰዓት ሒሳብ ተከራይቼ ነው። ያውም ሰዓቱ ሲያልቅ ባለቤቱ እየሮጠ ያስወርደኝ ነበር።

ወዳጄ የተከራየልኝ ብስክሌት የፈረንጅ ስሙ «ግራቭል» ነው፤ ጠጠር ማለት ነው። የእሽቅድምድም ብስክሌት ይመስላል፤ ጎማው ግን ወፈር ያለ ነው። ለጠጠርና ለአቧራ ታስቦ የተሠራ መሆኑ ነው። «አስፋልት ጠፍቶ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «አስፋልትማ ሞልቷል፤ የጠፋው ኮሮኮንቹ ነው» አለኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው (ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው)። በሲዬና ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ላይ የሚጠማዘዙት የገጠር መንገዶች «ስትራዴ ቢያንኬ»፣ ማለትም ነጫጭ መንገዶች ይባላሉ። ጠጠራቸው ነጣ ያለ ስለሆነ ነው። አስፋልት አንድ በአንድ ሲውጣቸው ጊዜ፣ ጃንካርሎ ብሮቺ የሚባል ሰው በ1997 ጋዮሌ ከምትባል ትንሽ ከተማ የሚነሳ የብስክሌት ጉዞ ጀመረ። ስሙ «ኤሮይካ» ነው፤ ጀግናዊት እንደ ማለት። በመጀመሪያው ዓመት የተገኙት 92 ሰዎች ነበሩ። በዚህ ጉዞ የሚነዳው የድሮ የብረት ብስክሌት ነው፤ ባብዛኛው ከ1987 በፊት የተሠራ ነው። ዓላማው ብስክሌት ብቻ አልነበረም። መንገዱ ሰው ከተመላለሰበት አስፋልት አይለብስም ከሚል ብልሃት የመጣ ነው። በ2007 ደግሞ የባለሙያዎቹ ውድድር ተከተለ። መጨረሻው ሲዬና መሐል፣ የካምፖ አደባባይ ነው። በ2024 ስሎቬንያዊው ታዴይ ፖጋቻር 81 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ተነጥሎ ወጥቶ፣ ብቻውን ነድቶ የገባው በዚሁ ነው። ለመንገድ የተጀመረ ነገር፣ እንግዲህ፣ ዓለም የሚያውቀው ውድድር ሆነ።

በጉዟችን ዋዜማ ወዳጄ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ይዞኝ ገባ። ማዘጋጃ ቤት ስል ከአደባባዩ ላይ የቆመውን፣ በመካከለኛው ዘመን የተሠራውን ሕንፃ ማለቴ ነው። እዚያ ውስጥ፣ በዘመኑ ከተማዋን ይገዙ የነበሩት ዘጠኝ ሹማምንት በሚሰበሰቡበት አዳራሽ፣ አምብሮጆ ሎሬንዜቲ የተባለው ሠዓሊ በ1338 እና በ1339 የሣለው የግድግዳ ሥዕል አለ። ርእሱን ስሰማ ሣቄ መጣ፤ «መልካምና ክፉ አስተዳደር» ይሉታል። እኛ በየስብሰባው የሰለቸንን ቃል እነሱ ከስድስት መቶ ሰማንያ ዓመት በፊት በቀለም ጽፈውታል።

ሥዕሉ ግን አያስቅም። በመልካሙ በኩል የከተማው በር ተከፍቶ መንገድ ወደ ገጠር ይወርዳል። ባላባቶች በፈረስ ለአደን ይወጣሉ፤ ገበሬዎች አህያ ጭነው፣ አሳማ እየነዱ ወደ ገበያ ይገባሉ። ወረድ ብሎ ይታጨዳል፤ ይወቃል። ከዚህ ሁሉ በላይ አንዲት ክንፍ ያላት ሴት ትንሳፈፋለች። ስሟ «ደኅንነት» ነው። በአንድ እጇ ጽሑፍ፣ በሌላው እጇ የተሰቀለ ወንጀለኛ ያለበት መስቀያ ይዛለች። የጽሑፉ መልእክት ባጭሩ፣ ይህች እመቤት እስከ ነገሠች ድረስ ማንም ሰው ያለ ፍርሃት ይሂድ፤ ያለ ፍርሃት ይዝራ የሚል ነው። በክፉው በኩል ደግሞ በቦታዋ «ፍርሃት» ሰይፍ ይዞ ቆሟል። ገጠሩ ተቃጥሏል፤ መንገዱ ላይ ከወታደር በቀር ሰው የለም። እናላችሁ፣ ሠዓሊው የመንግሥትን ጥሩነትና መጥፎነት የለካው በቤተ መንግሥት ሳይሆን በመንገድ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ አርቢያ ወንዝ ሸለቆ ወረድን። አርቢያ ያን ያህል ትልቅ ወንዝ አይደለም፤ ታሪኩ ግን ከባድ ነው። በ1260 ሞንታፔርቲ በተባለው ቦታ ሲዬናና ፍሎሬንስ ተዋግተው፣ ሲዬና ያሸነፈችው በዚሁ ወንዝ አጠገብ ነው። ሁለቱ ከተሞች ዛሬ በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ለካ ሠዓሊው ስለ መንገድ ደኅንነት የተጨነቀው ወዶ አይደለም። በዚሁ አገር የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሲጌሪክ ከሮም ሲመለስ፣ በ990 ገደማ፣ ያደረባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ አስመዝግቧል። መንገዱ እንግዲህ የነጋዴም፣ የተሳላሚም፣ የወታደርም ነበር።

ከአርቢያ አልፈን ክሬቴ ወደሚባሉት የሸክላ አፈር ኮረብቶች ገባን። አቀበቱ ያስለቅሳል። ቁልቁለቱ ደግሞ የባሰ ነው፤ ጠጠሩ ይንሸራተታል፤ ፍሬን በኃይል ከያዝክ ትወድቃለህ፤ ካልያዝክም ትወድቃለህ። እኔ መሬቱን ሳልስም ያለፍኩት ጎማዬ ቀድሞኝ ስለ ፈነዳ ነው። መለዋወጫ የያዘው ወዳጄ ደግሞ ኮረብታውን ተሻግሮ ሄዷል።

ብስክሌቴን እየገፋሁ አንድ መንደር ደረስኩ። አንድ ሽማግሌ ከደጃቸው ተቀምጠዋል። ጣሊያንኛ አልችልም፤ ቢሆንም ጨነቀኝና «ጎማ!» አልኩ፣ ወደ ታች እያመለከትኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ደፈር ብዬ «ጎሚስታ?» አልኩ። ሽማግሌው ፈገግ ብለው በጣታቸው ደረታቸውን ነኩ፤ እሳቸው ራሳቸው ጎሚስታ ሆነው አረፉት! ከመነዳሪውን አወጡ። ፍሬኑን ሞከሩና «ፍሬኖ» አሉ። ቀጥለው የብስክሌቱን ሰንሰለት በጨርቅ እየጠረጉ «ካቴና» ሲሉ ደነገጥኩ። በእነሱ ቋንቋ ካቴና ሰንሰለት ነው፤ የብስክሌትም ሆነ የሌላ። እኛ ዘንድ ግን ካቴና ሲባል ቶሎ ዓይናችን ላይ የሚመጣው የእጅ ብረት ነው። ቃሉ አንድ፤ የደረሰን ነገር ግን ሌላ።

ወዳጄ ፍለጋ ተመልሶ ሲደርስ አስተርጓሚ አገኘሁና ጨዋታ ጀመርን። ሽማግሌው ሰማንያውን ያገባደዱ ናቸው። «እናንተ ለዚህ አቧራ ገንዘብ ትከፍላላችሁ» አሉ። «አባቴ አቧራውን የሚያጠፋለት ቢያገኝ ኖሮ እሱ ነበር የሚከፍለው።» አባታቸው መሬት አልነበራቸውም። «ሜዛድሪያ» በሚሉት ሥርዓት ነበር የሚያርሱት። መሬቱና ቤቱ የባለርስቱ፣ ጉልበቱ የገበሬው፣ ምርቱ ግማሽ በግማሽ ነው። በዚያ ላይ በየበዓሉ ዶሮና እንቁላል ወደ ጌታው ቤት ይሄዳል። ልጅ ለመዳር እንኳ ባለርስቱን ማስፈቀድ ነበረባቸው።

ይህን ስሰማ የማውቀው ታሪክ በባዕድ ቋንቋ የሚተረክልኝ መሰለኝ። አያቴ አርሲ ውስጥ የሰው መሬት በእኩል ያርሱ ነበር። ለበዓል በግ፣ ለጌታው ለቅሶም ለሠርግም ጉልበት። ይህን ለሽማግሌው ስነግራቸው «አቢሲኒያም ሜዛድሪያ ነበር?» ብለው ጮኹ። ከዚያ ዝም አሉና አንድ ነገር ጨመሩ። አጎታቸው በ1937 የመንገድ ሠራተኛ ሆነው ወደ እኛ አገር መጥተው ነበር። «ለምን እንደሚሠራ አልጠየቀም፤ ደመወዝ ነበረው። ቤት ውስጥ ግን አሥራ አንድ ነበሩ» አሉ።

እስቲ አስቡት። ፋሺስቱ መንግሥት የገዛ አገሩን ገበሬ በአቧራ መንገድ ትቶ፣ የእኛን ተራራ እየፈለፈለ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር መንገድ ሠራ። የጣርማ በርን ዋሻ ያየ ሰው ያውቀዋል። ለእኛ አዝኖ አልነበረም፤ መድፉና ወታደሩ አርበኛውን ፈጥነው እንዲደርሱበት ነው። መንገዱ ጥሩ ነበር፤ የተሠራበት ምክንያት ግን ክፉ ነበር። ይህን ለሽማግሌው ሳልሸሽግ ነገርኳቸው። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ጎማውን ነፍተው ጨረሱና «ይህንንም አልጠየቀም» አሉ። ሒሳባቸውን ግን አልማሩኝም፤ አምስት ዩሮ ተቀበሉ።

ወደ ቤት ስመለስ አንድ ነገር አጣራሁ። ጣሊያን አዲስ የሜዛድሪያ ውል እንዳይፈረም በሕግ የከለከለችው በመስከረም 1964 ነው። የአዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት በየካቲት 1965 ነው። በእኛ አቆጣጠር ሁለቱም የሆኑት በዚያው በ1957 ዓ.ም. ነው። እነሱ በሕግ ሲጀምሩ እኛ በሰልፍ ጀመርን፤ ለእኛ አዋጁ የመጣው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። የሽማግሌው ቤተሰብ ግን ሕጉን አልጠበቀም። በሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ብዙ ጎረቤቶቹ፣ ወደ ከተማ ተሰደደ። የተወለዱበት የድንጋይ ቤት ዛሬ መዋኛ ገንዳ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል። ከዚያ በስተደቡብ ያለው የኦርቻ ሸለቆ በ2004 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ አንዱ ምክንያት መልክዓ ምድሩ ያንን የመልካም አስተዳደር ሕልም ያንጸባርቃል የሚል ነው። ያማረ ነገር ነው። ሠዓሊው ግን ያን ገበሬ ሲያጭድ ሣለው እንጂ፣ ግማሹን ለማን እንደሚያስረክብ አልሣለም።

እንግዲህ ነጩን መንገድ ስናደንቅ ሁለቱንም አብረን እንያዝ። ድህነት ቅርስ የሚሆነው ድሆቹ ከለቀቁት በኋላ ነው። እኔ ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ለምትወሰድበት ኮሮኮንች አላዜምም፤ አስፋልት ይግባላት። ግን አስፋልት ብቻውን የምሥራች እንዳልሆነ እኛ ከማንም በፊት አይተነዋል፤ በ1928 ዓ.ም. መጥቶልን ነበርና።

ከጉዞው ከተመለስኩ በኋላ ለአንድ ጉዳይ ወደ ደሴ ልሄድ ተነሳሁ። ጣርማ በርን አልፎ የሚሄደው መንገድ ነው። ዋዜማውን አክስቴ ከደሴ ደወለች።

«ልጄ፣ መንገዱ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ጥሩ ነው፤ አስፋልት እኮ ነው» አልኳት።

«እሱን ማን ጠየቀህ!» አለች። «ሰው በሰላም እየገባበት ነው ወይ ነው የምልህ።»

ሥዕሉን አይታው አታውቅም።