አንድ መልስ መንግሥት ከፈለ

መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ወደ 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 12 ግለጡ።

አስቀድመን አንድ ቃል እናጥራ። በቤታችን ሰነፍ ስንል ሥራ የማይወድ ማለታችን ነው። እሱን ግን የምሳሌ መጽሐፍ ታካች ይለዋል። መጽሐፉ ሰነፍ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ተግሣጽን የሚንቅ፥ ምክር የማይገባውን ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ማልዶ ተነሥቶ ሲለፋ ሊውል ይችላል። ዙፋን ላይም ሊቀመጥ ይችላል።

ጊዜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 930 ዓመት ገደማ ነው። ሰሎሞን 40 ዓመት ነግሦ ሞቷል። ልጁ ሮብዓም ሊነግሥ ወደ ሴኬም ወጣ። ሕዝቡም ከግብፅ ስደት ከተመለሰው ከኢዮርብዓም ጋር ሆኖ ቀረበ። የሰሎሞን ሥራ ከባድ ነበር፤ ወደ ሊባኖስ ብቻ 30 ሺህ ሰው፥ በየወሩ 10 ሺህ እየሆነ፥ በተራ ይላክ ነበር። ስለዚህ ቀንበሩን አቅልልልን፥ እንገዛልሃለን አሉት። ይህ እኮ ዐመፅ አይደለም፤ አቤቱታ ነው።

ሮብዓም የሦስት ቀን ቀጠሮ ሰጣቸው። እስከዚህ መልካም ነው። አባቱን ያገለገሉ ሽማግሌዎችን ጠየቀ፤ ዛሬ ዝቅ ብለህ በጎ ቃል ብትመልስላቸው ዘመንህን ሁሉ ያንተ ይሆናሉ አሉት። ይህን ምክር ትቶ ወደ አብሮ አደጎቹ ዞረ። እነርሱ ደግሞ ከአባትህ ይልቅ እንደምትከብድ አሳያቸው አሉት።

አስተውሉ፤ ሮብዓም አማካሪ አላጣም። ልጅም አልነበረም፤ ሲነግሥ 41 ዓመቱ ነበር፥ አብሮ አደጎቹም እኩዮቹ ናቸው። ስለዚህ ይህን ታሪክ የወጣቶች መቆንጠጫ አናድርገው። ጆሮው የፈለገውን እስኪሰማ ድረስ ነው የጠየቀው። ስንፍና ማለት ይህ ነው።

በሦስተኛው ቀን የአባቱን አለንጋ የሚያስናፍቅ መልስ ሰጠ። ዐሥሩ ነገድ ጥለውት ሄዱ። ይባስ ብሎ የግዳጅ ሥራ አለቃውን አዶኒራምን ላከባቸው፤ በድንጋይ ወግረው ገደሉት። ንጉሡም በሠረገላው ሸሸ።

“ነገሩ ከእግዚአብሔር ነበር አይደል?” ትሉኝ ይሆናል። አዎ፥ በነቢዩ በአኪያ የተነገረው ቃል ተፈጽሟል። ሆኖም ያው ምዕራፍ ንጉሡ የሽማግሌዎቹን ምክር እንደ ተወ ሁለት ጊዜ ይነግረናል። ተጠያቂነቱን አያነሣለትም።

ከዚያስ? በ5ኛው ዓመት የግብፅ ንጉሥ ሺሻቅ መጣ። በካርናክ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ያስቀረጸው የከተሞች ዝርዝር እስከ ዛሬ ይታያል፤ መጊዶ በውስጡ አለች። ከኢየሩሳሌምም ሰሎሞን ያሠራቸውን የወርቅ ጋሻዎች ወሰደ። ሮብዓም በፋንታቸው የናስ ጋሻ አሠራ። ንጉሡ ወደ እግዚአብሔር ቤት በገባ ቁጥር ዘበኞቹ እነዚያን ተሸክመው ይወጡ ነበር። ሥርዓቱ አልተቋረጠም፤ ወርቁ ግን ናስ ሆነ።

ወገኔ ሆይ፥ ይህ ያስፈራል። አንድ ቤተ ክርስቲያን ተከፍሎም መዝሙሩ፥ ስብከቱ፥ የእሑድ ፕሮግራሙ ይቀጥላል። ከሩቅ ሲያዩት ያበራል። ወንድም ከወንድሙ ጋር አይነጋገርም እንጂ! ስንቱ ጉባኤ፥ ስንቱ ትዳር የተሰነጠቀው በአንድ ስብሰባ ወይም በአንድ ምሽት በተመለሰ የትዕቢት ቃል ነው? ሴኬም ላይ የተለያየው ሕዝብም እንደ ተለያየ ወደቀ፤ ሰሜኑ በ722 ዓመተ ዓለም ለአሦር፥ ይሁዳ በ586 ለባቢሎን።

ደስ የሚለው ግን፥ ሮብዓም ሕዝቡን ሊወጋ 180 ሺህ ሠራዊት ከሰበሰበ በኋላ እግዚአብሔር በሳማያ በኩል አትዋጉ ሲለው ሰምቶ ተመልሷል። ሺሻቅ በመጣ ጊዜም ራሱን አዋረደ፤ እግዚአብሔርም ፈጽሞ አላጠፋውም። የጥበብ በር ለሰነፍም ክፍት ነው። ያዕቆብ 1፥5ን አንብቡ፤ ለምኑት፥ ሳይነቅፍ ይሰጣል።

እንግዲህ አንተም፥ አንቺም፥ ዛሬ መልስ የሚጠብቅ ሰው ካለ፥ ከመመለሳችሁ በፊት ያልወደዳችሁትን ምክር አንድ ጊዜ ደግማችሁ ስሙት። ጌታ ይባርካችሁ። አሜን።