ጤፍ በላቲን መዝገብ ስሙን እንዴት አስመለሰ?

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት በፊት በካርቱም ዐማራት ሰፈር የሐበሻ ምግብ ቤት ፈልጎ ያጣ አልነበረም። ሱዳናዊው የማሽላ ኪስራውን ሲቆርስ ሐበሻው እንጀራውን ይጠቀልል ነበር። ጤፍን ከአውሮፓ ሊቃውንት ጋር ያገናኘው መንገድም በዚሁ አካባቢ ያልፋል።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ በስናር በኩል ወረደ። በቀጣዩ ዓመት ዛሬ የካርቱም ባሕሪ አካል በሆነችው ሐልፋያ ሲያልፍ ካርቱም ገና አልተቆረቆረችም ነበር። ግመሎቹ በኑብያ በረሃ ሲያልቁበት ጓዙን ጥሎ በእግሩ አስዋን ገባ፤ ኋላም ተመልሶ አነሣው። በጓዙ ውስጥ የነበሩት የኢትዮጵያ ዕፅዋት ሥዕሎች እንዲህ ተርፈው በ1773 አውሮፓ ደረሱ። ብሩስ በዚያው ዓመት ጣሊያንን ጎበኘ።

ከዚህ ጉብኝት ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1775፣ ጣሊያናዊው ሐኪም አቲሊዮ ዙካኚ ስለ ጤፍ ፍሎረንስ ላይ ጽሑፍ አሳተመ። የላቲን ስሙንም «ፖአ ጤፍ» አለው፤ የሣሩን ወገን በላቲን፣ እህሉን ግን በባለቤቶቹ አጠራር። ስድስት ዓመት ቆይቶ የቪየናው ዣኲን «ፖአ አቢሲኒካ» ሲል ሰየመው፤ በ1827 ደግሞ ጀርመናዊው ሊንክ «ኤራግሮስቲስ አቢሲኒካ» አደረገው። «ጤፍ» የሚለው ቃል ከመጻሕፍቱ ደበዘዘ።

መልሶ ያነሣው ሌላ ጣሊያናዊ፣ አሌሳንድሮ ትሮተር ነው። በዕፅዋት ስያሜ ሕግ ቀድሞ የታተመ ስም ይጸናልና በ1918 «ኤራግሮስቲስ ጤፍ» ብሎ አቀናው። ሙሉ ስሙ ሲጻፍ «ኤራግሮስቲስ ጤፍ (ዙካ.) ትሮተር» ይባላል፤ በቅንፍ ውስጥ ያለው መጀመሪያ የሰየመው፣ ከቅንፍ ውጪ ያለው ወደ አሁኑ ወገኑ ያዛወረው ነው።

ሁሉም የኢትዮጵያ ዕፅዋት ግን ይህ ዕድል አልገጠማቸውም። ኮሶ «ሃጌኒያ» ተብሎ በጀርመናዊው ሃገን፣ ኑግም «ጊዞቲያ» ተብሎ በፈረንሳዊው ጊዞ ስም ይጠራሉ።

3,000 ያህሉ ተሰብስቦ አንድ ግራም የሚሞላው የጤፍ ፍሬ በኔዘርላንድስም አከራክሯል። ለጤፍ ዱቄት ተሰጥቶ የነበረውን የፈጠራ ባለቤትነት መብት የሄግ ፍርድ ቤት ፈጠራነት የለውም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2018 ሽሮታል። ቀድሞ የተጻፈ ስምና ዕውቀት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። ማኛ፣ ሰርገኛ፣ ቡኒኝ እያለ ዘሩን ለይቶ ያቆየው ገበሬ ነው። ተመራማሪዎቻችን እያንዳንዱን ዝርያ ገበሬው ባወጣለት ስም፣ ከነአገሩና ከነጠባዩ ሊመዘግቡት ይገባል።