ቀሰም እያለ «የምግብ ሀብት» ለምን?

ስለ ንቦች ጤንነት የሚጽፉ ሰዎች ከቅርብ ጊዜ ወዲህ «የአበባ ምግብ ሪሶርስ»፣ አለዚያም ትንሽ የተጠነቀቁ ሲመስላቸው «አበባዊ የምግብ ሀብት» የሚል ሐረግ እያመጡ በየጽሑፉ ሲደጋግሙት፣ ይህን የሚያደርጉት አማርኛ ለዚህ ነገር ስም የሌለው መስሏቸው እንደ ሆነ፣ ወይም አንድ ንብ አናቢ ባላገር ጠጋ ብሎ መጠየቅ ታክቷቸው እንደ ሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ስሙ ግን አለ፤ ከቀፎ ጋር የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ እርሱም ቀሰም ነው።

የንቦቹ ጤንነት ወሬ የመጣው ከአውሮፓና ከአሜሪካ የእርሻ ምድር ነው። በዚያ ከማር ንብ የወፈረች፣ መላ አካሏ በጸጉር የተሸፈነ፣ ባምብልቢ የምትባል ንብ አለች፤ ወገኖቿ በዓለም ላይ ከ250 ዓይነት ይበልጣሉ፤ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪቃ ግን አንዷም በተፈጥሮዋ ስለማትገኝ የሀገራችን ሰው ስም ያወጣላት ዘንድ ምክንያት አልነበረውም። አንዳንዱ ጢንዚዛ እያለ ይተረጕማታል፤ ይህ ፈጽሞ ስሕተት ነው፤ ጢንዚዛ ከንብ ወገን አይደለምና። ሌላው ድምፅዋን ይዞ «አጉረምራሚ ንብ» ይላታል፤ ምን አስቆጥቷት ነው ያሰኛል። ግእዝ ወዳድ የሆነ ሰው ደግሞ የጌዴዎንን ፀምር አስታውሶ «ፀምራዊት ንብ» ሊላት ይችል ነበር፤ ለቅኔ ያምራል፣ ለእርሻ ጽሑፍ ግን ይከብዳል። እኔ ጸጉራም ንብ ማለትን እመርጣለሁ፤ ባምብልቢ ተብላ ብትቀርም አልከራከርም፤ በሀገራችን ለሌለች ፍጥረት የባዕድ ስም መበደር ነውር የለበትም። ክርክሬ ስላለን ነገር ነው።

የቃሉ ሥር «ቀሰመ» ነው። በግእዝ ለቀመ፣ ሰበሰበ ማለት ሲሆን ማጣፈጥንም ጨምሮ ይዟል፤ ወደ አማርኛ ሲሻገር ለንብ ሥራ ተለይቶ፣ ከንብም ወደ ተማሪ ተላልፎ፣ ደቀ መዝሙሩ በየጉባኤ ቤቱ እየዞረ ከአንዱ መምህር ዜማውን፣ ከሌላው ቅኔውን ሲማር «ዕውቀት ቀሰመ» ይባልለታል፤ መቅሰም ከብዙ ስፍራ፣ ጥቂት በጥቂት፣ እየመረጡ መውሰድ ነውና። ስሙም እንደ ግሡ ሰፊ ነው። ንብ አናቢው «ዘንድሮ ቀሰም አለ» ሲል ጣፋጩን የአበባ ፈሳሽ ለብቻው ወይም ብናኙን ለብቻው ሳይሆን ሁለቱን አንድ ላይ፣ ከዚያም በላይ አበባው የሚገኝበትን ወራትና ንቧ በርራ የምትደርስበትን ርቀት ጭምር ማለቱ ነው። «የምግብ ሀብት» ግን ነገሩን በጎተራ የተከማቸ እህል ያስመስለዋል።

ተቀናቃኝ ቃላት የሉም ማለቴ አይደለም። «የንብ መኖ» የሚሉ አሉ፤ መኖ ሰው አጭዶ ለከብት የሚያቀርበው ስለሆነ፣ በበጋ ለቀፎ ለሚሰጠው የስኳር ብጥብጥ ይስማማ ይሆናል፤ ራሷ ፈልጋ ለምታገኘው ግን አይሆንም። «ቀሰመ ጽጌ» የሚለው የግእዝ ዘርፍም መልካም ነበር፤ ነገር ግን ንብ ከጽጌ በቀር ሌላ ትቀስም ይመስል ትርፍ ቃል ይጭንበታል። ሸማኔ ማጉን የሚጠቀልልበት መቃም ቀሰም ይባላልና ያደናግራል የሚል ቢነሣ፣ ሸማኔና ንብ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚገናኙበት ቀን እስኪመጣ ድረስ ሥጋት አይግባው።

ቃሉ ለሥራው መብቃቱን ለመፈተን ጉዳዩን በእርሱ እንናገረው። የጸጉራም ንብ ቤተ ሰብ ዕድሜው አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ክረምቱን ተኝታ የምትሻገረው አዲሲቱ አውራ ብቻ ናት (እንስቲቱን አውራ ማለታችን ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል)፤ በጸደይ ተነሥታ ብቻዋን ጎጆ ትመሠርታለች፤ የምታከማቸውም የጥቂት ቀን ስንቅ ስለሆነ ከጸደይ እስከ መከር ቀሰም ሳይቋረጥ ሊያገኛት ይገባል። በእንግሊዝ አገር ግን ከ1930ዎቹ እስከ 1980ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባለው ዘመን አበባ የሞላበት የዝቅተኛ ስፍራ መስክ ከመቶው 97 እጅ ያህሉ ጠፋ፤ መሬቱን ለማዳበር ይዘራ የነበረው ቀይ ማገጥም በፋብሪካ ማዳበሪያ ተተካ። አሁን ሜዳውን ቢጫ የሚያለብሰው ጎመን ዘር ለጥቂት ሳምንት ብዙ ቀሰም ይሰጣል፤ አበባው ሲረግፍ ግን ንቧ ከባዶ መሬት ላይ ትቀራለች፤ ስለዚህም በጀርመን አገር የመረመሩ ሊቃውንት በጎመን ዘር አቅራቢያ ጎጆዎቹ በርትተው ቢያድጉም አዳዲስ አውራዎችን በማፍራት እንዳልበለጡ አይተዋል። ረኃቡ በሽታንም ያከፋል፤ ክሪቲዲያ የሚባለው በአንጀቷ የሚኖር ጥገኛ የጠገበችውን ብዙ ሳይጎዳ የተራበችውን ግን ሞቷን ያፋጥናል። በ2017 (በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር) በኔቸር መጽሔት የታተመ የእንግሊዝ አገር ምርምር ደግሞ ከጎጆው ከ250 እስከ 1,000 ሜትር ባለው ክልል በጎ ቀሰም ሲበዛ፣ ይልቁንም የጸደይ ቀሰም ሲኖር፣ የአንዲት አውራ ዘር ወደ ሚቀጥለው ዓመት የመሻገር ዕድሉ እንደሚጨምር አረጋግጧል።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የምትተረጕሙ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ «የምግብ ሀብት» የሚለውን ሰርዛችሁ ቀሰም ብላችሁ ጻፉ። በአንድ አበባ መርገፍና በሌላው መፍካት መካከል ላለው ባዶ ወራት ግን እኔ የምመርጠው አንድ ስም ገና የለኝም፤ በየአውራጃችሁ ያሉ ንብ አናቢዎች ምን እንደሚሉት ጠይቃችሁ ጻፉልን።