የጋምቤላ ቀለም በካርታና በበረራ መለማመጃ



እኛ ደገኞች ከደጋ በታች ያለውን ሙቅ አገር ሁሉ «በረሃ» ብለን መጥራት ልማዳችን ነው። ጋምቤላም በዚሁ ስም ስትጠራ ኖራለች። ይሁን እንጂ ስም እንደሚያሳስት ሁሉ የካርታ ቀለምም ያሳስታልና፥ ዛሬ ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት እንናገራለን።

በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ተሰቅሎ የሚታየው የከፍታ ካርታ ዝቅተኛውን ምድር በአረንጓዴ፥ ከፍተኛውን በቡናማ ይቀባል። በዚህ ሥርዓት ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለው ዳሎል የጨው ምድር ሲሆን አረንጓዴ ለብሶ ይታያል፤ ለምለሙ ደጋ ግን ቡናማ ይሆናል። ከፍታዋ 500 ሜትር ያህል የሆነው ጋምቤላም አረንጓዴ ናት። ይህ ቀለም የሚናገረው ስለ ከፍታ እንጂ ስለ ሣርና ስለ ውሃ አይደለም።

አባቶቻችን ግን ጋምቤላን የሚያውቋት በወራት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ባደረጉት ውል፥ ለሱዳን መንግሥት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ሲፈቀድ፥ ስፋቱ ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻነቷን ካገኘች በኋላ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። በዚያ ዘመን ሁሉ ከካርቱም የሚመጡት መርከቦች ጋምቤላ የሚደርሱት ባሮ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነበር፤ በበጋ ወንዙ ስለሚጎድል የመርከቡ ጉዞ ይቋረጥ ነበር። ስለዚህ ቡናውን ይዞ የሚወርደው ነጋዴ የወንዙን ወራት ጠንቅቆ ማወቅ ነበረበት።

አሁን ደግሞ ወደ አየር እንሻገር። አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ መጨረሻ የሠራው የበረራ መለማመጃ ተማሪውን በመሣሪያ ንባብ ብቻ መብረርን ስለሚያስተምር፥ የምድር ቀለም አላስፈለገውም። ማይክሮሶፍት በ2020 ያወጣው በኮምፒዩተር የሚሠራው የበረራ ማስመሰያ ግን ምድርን ከሳተላይትና ከአይሮፕላን በተነሡ ፎቶግራፎች አልብሶ ያሳያል። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ፎቶግራፍ የተነሣበት ቀን ምስክር እንጂ የዓመቱ ምስክር አይደለም። በክረምት ደመናው ስለሚጋርድ፥ ጥርት ያለው ሥዕል በብዛት የሚገኘው በበጋ ነው፤ በበጋ ደግሞ የጋምቤላ ሣር ደርቆና ተቃጥሎ ቡናማና ጥቁር ይሆናል። ስለዚህ ተመልካቹ እውነተኛውን ምድር እያየ በረሃ ያየ ይመስለዋል።

ያው ሜዳ በነሐሴ ግን ለምለም ነው፤ ብዙው ክፍልም ውሃ ይተኛበታል። አኙዋኮች ጎርፉ ሲሸሽ በወንዙ ዳር በቆሎ ይዘራሉ፤ ኑዌሮችም በበጋ ከብቶቻቸውን ወደ ወንዝ ያወርዳሉ። ካርታው ባዶ ያስመሰለው መሬት ባለቤትም ሥርዓትም አለው። ይህን ሥርዓት አለማስተዋል ዋጋ ያስከፍላል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 በጋምቤላ ሰፊ መሬት የተከራየው የካሩቱሪ ኩባንያ የበቆሎ እርሻ በጎርፍ ጠፍቷል።

እንግዲህ በካርታ ላይ ተመሥርቶ ስለ መሬት የሚወስን ባለሥልጣን ሁሉ ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ ይህ ቀለም የሚለካው ምንን ነው? ሥዕሉስ የተነሣው በየትኛው ወር ነው? ሦስተኛውን ጥያቄ ግን በምድሪቱ ላይ ለሚኖረው ሰው ያቅርብ።