በሰም የተሸሸገ ተባይ፤ የእንሰት ሥር ሚሊበግ ከወናጎ እስከ ሐዋሳ

በሲዳማና በጌዴኦ ምድር የእንሰት ቅጠል ያለ ወቅቱ ሲደርቅ ባለቤቱ አስቀድሞ የሚጠረጥረው ድርቁን ወይም አጠውልግ በሽታን ነው። ጠላቱ ግን ከአፈር በታች ሊሆን ይችላል። ተክሉ ተነቅሎ ሥሩ ሲታይ ዱቄት የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ፥ ሞላላና ክንፍ አልባ ጥቃቅን ነፍሳት ተጣብቀው ይገኛሉ። የግብርና ባለሙያዎች ሚሊበግ ይሏቸዋል።

ይህ ተባይ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1988 ከሐዋሳ በስተ ደቡብ በምትገኘው በወናጎ ነው። ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው ግን ከ11 ዓመት በኋላ፥ በ1999 ሲሆን፥ ዊልያምስና ማቲል-ፌሬሮ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ካታኤኖኮከስ ኤንሴቴ ብለው ሰየሙት። የሚሊዮኖችን ምግብ የሚያጠቃ ተባይ እስከዚያ ዘመን ድረስ ስም አልባ ሆኖ መቆየቱ ያስገርማል፤ እንሰት ከቡናና ከስንዴ ጎን በምርምር ዘንድ ምን ያህል ተዘንግቶ እንደ ነበረም ያመለክታል።

ዱቄት መሳዩ ነገር ሰም ነው። ከተባዩ ቆዳ በረቂቅ ቀዳዳዎች እየወጣ ገላውን ይለብጠዋል። ለመሐንዲስ ዓይን ይህ ውኃ የማያሳልፍ ልባስ ነው፤ ተባዩ በእርጥብ አፈር ውስጥ አይርስም፥ ራሱ በሚያወጣው ጣፋጭና አጣባቂ ፈሳሽ አይያዝም፥ በውኃ የተበጠበጠ መድኃኒትም በቀላሉ አይደርስበትም። የሰው ልጅ በዚህ ወገን ጥበብ የተጠቀመበት ጊዜም አለ። ቻይናውያን ከአንዱ ዘመዱ የሻማ ሰም፥ ሕንዶች ከሌላው ሼላክ አውጥተዋል፤ የጥንቱ የሙዚቃ ሸክላ የተሠራው ከዚሁ ከሼላክ ነበረ። የወናጎው ዘመዳቸው ግን ከጥፋት በቀር ያስገኘው ነገር የለም።

የተባዩ አጋር ጉንዳን ነው። ጣፋጩን ፈሳሽ ስለሚልስ ይጠብቀዋል፥ ከሥር ወደ ሥርም ያጓጉዘዋል። ከቀበሌ ወደ ቀበሌ፥ ከወረዳ ወደ ወረዳ ያሸጋገረው ግን በይበልጥ ሰው ነው። የእንሰት ችግኝ በዘመድ ስጦታና በገበያ ይዘዋወራል፤ በሥሩ የተጣበቀውም አብሮ ይጓዛል። አጥብቆ የሚጎዳው ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያደገውን ተክል በመሆኑ፥ የተጎዳ ቤተሰብ የሚያጣው የአንድ ክረምት አዝመራ ሳይሆን ዓመታት የጠበቀውን ቆጮ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ ለዛሬው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ መሠረት የሆነ ሲሆን፥ ተመራማሪዎቹ ከከተማው የግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ጋር በዚህ ጉዳይ ብዙ ደክመዋል። ዲያዚኖንና ክሎርፒሪፎስ ተፈትነው ተባዩን ቀንሰዋል፤ ነገር ግን ከቤት ደጃፍ ለሚበቅል የምግብ ተክል መርዝ የሚመች አይደለም። ተባይ ገዳይ ፈንገሶች የተፈተኑበት ጥናትም በ2011 ታትሟል።

ለገበሬው የቀረበው ዘዴ ከሁሉ ይልቅ ተራ ነው፤ ችግኙ ከመተከሉ በፊት ሥሩ ተከርክሞ፥ አፈሩ ታጥቦ፥ ለአጭር ጊዜ በፈላ ውኃ ይነከራል። ውኃን የሚመልሰው ሰም ሙቀትን አይመልስም። ይሁን እንጂ ለመቶ ችግኝ የሚበቃ ውኃ ለማፍላት በርሜል፥ ብዙ ማገዶና ረጅም ቀን ይጠይቃል፤ ውኃውን የሚቀዱትና እንጨቱን የሚሸከሙት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው።