አዛንና የጎረቤት ሐቅ

ውድ አድማጮቻችን፣ ዛሬ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ወደምትገኘው ትንሽ ከተማ ወደ ሃምትራምክ እንወስዳችኋለን። ለረጅም ዘመን የፖላንድ ካቶሊኮች ከተማ ነበረች፤ ኋላ የባንግላዴሽና የየመን ሙስሊሞች ሰፈሩባት።

አንድ መስጂድ አዛንን በድምፅ ማጉያ ለማሰማት ሲጠይቅ ጉዳዩ ለተመራጩ የከተማ ምክር ቤት ቀረበ። ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 የድምፅ ደንቡን አሻሻለ፦ አዛንም የቤተ ክርስቲያን ደወልም ከጧቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፣ ከ5 ደቂቃ ሳይበልጥ ይሰማል፤ ቅሬታ ያለው ለከተማው ጸሐፊ ያመለክታል። ተቃዋሚዎች ፊርማ አሰባስበው ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡት። በዚያው ዓመት ሐምሌ ሕዝቡ ደንቡን አጸናው።

በሰኔ ወር የፈጅርና የዒሻእ ወቅት ከዚህ ገደብ ውጭ ይውላል። ሙስሊሞቹ ሁሉንም አላገኙም፤ ጎረቤትም እንቅልፉን አላጣም።

በ2015 ምርጫ ሙስሊሞች የምክር ቤቱን አብላጫ መቀመጫ ያዙ። ፈተናውም ተገለበጠ፤ ትናንት ፍትሕን የጠየቀ፣ ዛሬ ስለ ፍትሕ የሚጠየቅ ሆነ። ሥልጣን አማና ነውና፣ በቀበሌም በእድርም በመስጂድ ኮሚቴም ስንመረጥ እኛን ያልመረጠውንም ጎረቤት ሐቅ እንጠብቅ።

አላህ ይወፍቀን።